የምንጠጣው ውሃና የታሰረበት ግድብ

በመኖሪያችን ያለው ቧንቧ ሲከፈት የሚወርደው ውሃ ከወዴት እንደሚመጣ ብንጠያየቅ ብዙዎቻችን «ከውሃና ፍሳሽ» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን «ወተት ከሱቅ ይመጣል» ከሚለው ሕፃን መልስ ብዙ አይሻልም። የአዲስ አበባ ውሃ ከፊሉ በአቃቂ በኩል ከተቈፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች ይሳባል። የቀረው ከግድብ የሚመጣ ነው፤ በምዕራብ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ፥ በምሥራቅ በደሴ መንገድ ከሰንዳፋ ወዲህ ለገዳዲ፥ ለለገዳዲም ውሃውን የሚያቀብለው ድሬ አሉ። ገፈርሳ ከሁሉ የቈየው ነው። ለገዳዲ ሥራ የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1970 ነው (ከዚህ በኋላ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፤ ድሬም ከዚያ ብዙ ዘግይቶ መጣ።

ስለነዚህ ቦታዎች እርስ በርሳችን ስንነጋገር የምንሰማው ሁለት ዐይነት ወሬ ነው። አንደኛው በቧንቧው ውሃ ሲጠፋ የሚነሣው እሮሮ ነው። ሁለተኛው «እሑድ ወደ ገፈርሳ ወጥተን አየር እንቀበል» የሚለው ግብዣ ነው። ግድቡ ራሱ፥ ማለት ያን ሁሉ ውሃ ይዞ ሌትና ቀን የቆመው ግንብ፥ በጨዋታችን ውስጥ የለም። በ2025 መጀመሪያ ላይ ከፈንታሌና ከዶፈን ወገን የተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ አልጋችንን ሲወዘውዘው ግን ጥያቄው በድንገት መጣ፤ «ግድቦቹስ?» ተባለ። በዚያው ሰሞን በአካባቢው ስላለው ስለ ከሰም ግድብ ብዙ ተወራ። ከሰም የመስኖ ግድብ ስለ ሆነ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ጥያቄው ግን ለመጠጥ ውሃ ግድብም ያው ጥያቄ ነው። ስለዚህ አንድ ግድብ በምን እንደሚቆም፥ በምን እንደሚወድቅ፥ በዳሩም ስንዝናና ምን ማወቅ እንደሚገባን ለማስረዳት አስበናል።

በመጀመሪያ ግድብን የሚገፋው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ውሃው ወደ ኋላ ረዝሞ በተኛ ቍጥር ግፊቱ የሚበረታ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ውሃ ግድቡን የሚገፋው በጥልቀቱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም። ጥልቀቱ 40 ሜትር በሆነ ውሃ ሥር፥ ከታች ያለችውን እያንዳንዷን ካሬ ሜትር 40 ቶን ያህል ይገፋታል። ከላይ እስከ ታች ያለው ግፊት ሲደመር፥ አንድ ሜትር ወርድ ባለው የግድብ ቍራጭ ላይ ብቻ 800 ቶን ያርፋል። ጥልቀቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ግድቡን ከእግሩ ገልብጦ ለመጣል የሚሞክረው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ። ይህን የፊዚክስ ተማሪዎች በአምስት ደቂቃ ውስጥ አስልተው ማረጋገጥ ይችላሉ፤ የሕግና የሥነ ጽሑፍ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን ለጊዜው ይመኑን።

ይህ ግልጡ ጠላት ነው። ስውሩ ጠላት ከሥር የሚገባው ውሃ ነው። ማንኛውም ግድብ፥ የፈለገውን ያህል ሲሚንቶ ቢፈስበት፥ ጥቂት ውሃ ማሳለፉ አይቀርም። በኮንክሪት ግድብ ሥር በዐለቱ ስንጥቅ ገብቶ የተጠራቀመው ውሃ ግድቡን ወደ ላይ ይገፋዋል። በክብደቱ የሚቆም ነገር ከሥሩ ሲነሣ ክብደቱ ቀለለ ማለት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች በዐለቱ ውስጥ በግፊት ሲሚንቶ እየሞሉ ስንጥቁን ይደፍናሉ፤ ያንን አልፎ የመጣውንም ውሃ የሚያስወጡ ጕድጓዶች ይቈፍራሉ። በዐፈር ግድብ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው። የሚያልፈው ውሃ ቅንጣት በቅንጣት ዐፈሩን ይዞ ከወጣ ግድቡን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ውሃው ይበዛል፥ ውሃው ሲበዛ ቀዳዳው ይሰፋል። እንግዲህ በግድብ እግር ሥር ጥርት ያለ ውሃ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው መደንገጥ የለበትም፤ መጠኑ እየተለካ ይመዘገባል። የደፈረሰ ውሃ ያየ ግን ለነገ ሳይል መናገር አለበት። ይህችን የጠራና የደፈረሰ ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ቀጥሎ ለምንተርከው ታሪክ ታስፈልጋለች።

ታሪኩ የሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። የከተማዪቱ የውሃ ሥራ ዋና መሐንዲስ ዊልያም ሙልሆላንድ ከአየርላንድ የመጣ፥ በኮሌጅ ያልተማረ፥ ሥራውንም በቦይ ጠራጊነት የጀመረ ሰው ነበር። በ1913 ከኦዌንስ ሸለቆ 375 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ የውሃ መስመር አስገብቶ ከተማዪቱን ከጥም ስላዳነ ቃሉን የሚጠራጠር አልነበረም። ከ1924 እስከ 1926 ባለው ጊዜ ሳን ፍራንሲስኪቶ በተባለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሴንት ፍራንሲስ የተባለውን የኮንክሪት ግድብ ሠራ። ቁመቱ 60 ሜትር ገደማ፥ የሚይዘው ውሃ 47 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበር፤ ይህም ከለገዳዲ ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። በሥራው መካከል ከተማዪቱ ተጨማሪ ውሃ ስለ ፈለገች የግድቡ ቁመት ሁለት ጊዜ በሦስት በሦስት ሜትር ከፍ ተደረገ፤ መሠረቱ ግን በዚያው ልክ አልሰፋም። ከላይ ያስቀመጥነው ስሌት እዚህ ላይ ይታወስ።

ማርች 12 ቀን 1928 ጧት የግድቡ ጠባቂ በምዕራቡ ጐን አዲስ ፍሳሽ አየ። ውሃው የደፈረሰ ነበር። ጠባቂው ወዲያው አሳወቀ፤ ሙልሆላንድና ረዳቱ ሃርቪ ቫን ኖርማን ከከተማ ድረስ መጥተው ዞረው ተመለከቱ። ውሃው ከሥር ሲወጣ የጠራ ነው፥ የሚደፈርሰው ለመንገድ ሥራ በተቈፈረው ልል ዐፈር ላይ ሲወርድ ነው ብለው ፈረዱ፤ አደጋ የለም ብለውም ወደ ከተማ ተመለሱ። ከእኩለ ሌሊት ሦስት ደቂቃ ሲቀር ግድቡ ተሰበረ። ጠባቂውና ትንሹ ልጁ ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች መካከል ነበሩ። ውሃው መንደሩንም፥ የኤሌክትሪክ ጣቢያውንም፥ የብርቱካን እርሻውንም እየጠረገ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሊነጋጋ ሲል ፓሲፊክ ውቅያኖስ ገባ። የሞቱት ከ400 ሰው በላይ ናቸው፤ በሸለቆው እርሻዎች ይሠሩ የነበሩ ሜክሲኮአውያን ብዙ ስለ ነበሩባቸው ቍጥሩ እስከ ዛሬ በትክክል አልታወቀም። በታችኛው በሳንታ ፓውላ ከተማ ግን የስልክ ቤት ሠራተኞች ቦታቸውን ሳይለቁ እየደወሉ፥ በሞተር ብስክሌት የሚዞሩ ፖሊሶችም በር እያንኳኩ ሰዉን ወደ ኮረብታ ስላወጡት በዚያ ብዙ ነፍስ ተረፈ።

ግድቡ ለምን ወደቀ? በምዕራቡ በኩል የቆመበት ቀይ ድንጋይ በደረቅ ጊዜ ጠንካራ መስሎ ይታይ ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ቍራጩን ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት ግን እየፈረሰ ጭቃ ሆነ። በምሥራቁ በኩል የነበረው ተራራ ደግሞ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የተንሸራተተ ናዳ ላይ የቆመ መሆኑ በኋለኛው ዘመን በተደረገ ምርመራ ታወቀ፤ ሐይቁ ሲሞላ ያ አሮጌ ናዳ ረጥቦ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። በዚህ ላይ ከሥር የሚገፋውን ውሃ የሚያስወጡት ጕድጓዶች የተቈፈሩት በመካከለኛው የግድቡ ክፍል ሥር ብቻ ነበር። የሚገርመውም ይህ ነው፤ በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ቀኙም ግራውም ተጠርጎ ሲሄድ ቆሞ የተገኘው ያ መካከለኛው ክፍል ብቻ ነበር። እንደ መቃብር ድንጋይ ብቻውን የቆመውን ግንብ ለማየት ሰው ከየአገሩ ይጐርፍ ጀመር። ከመጡት አንዱ ወጣት ከላዩ ወድቆ ስለ ሞተ ከተማው በ1929 በድማሚት አፈረሰው።

ሙልሆላንድ ግዴለሽ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኛ እንዲህ አንልም። ግዴለሽ ሰው በተጠራ ቀን ተነሥቶ አይመጣም፤ በኋላም በአስከሬን መርማሪዎቹ ፊት ጥፋት ካለ የኔ ነው ብሎ አይቀርብም። ችግሩ ሌላ ነው። ቦታውን የመረጠው እሱ፥ ግድቡን የነደፈው እሱ፥ የሠራው እሱ፥ ፍሳሹን አይቶ የፈረደው እሱ ነበር። በጊዜው የነበረው የካሊፎርኒያ ሕግ የራሳቸው መሐንዲሶች ያሉአቸውን ከተሞች ከመንግሥት ቍጥጥር ነጻ አድርጎአቸው ነበር፤ የመሬት ጥናት ዐዋቂ በነጻ ሆኖ ንድፉን የመረመረበት ጊዜ አልነበረም። የአስከሬን መርማሪዎቹ ጉባኤ ያለውም ይህንኑ ነው፤ የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ሰው ፍርድ ብቻ መተው የለበትም አለ። በ1929 ካሊፎርኒያ ግድቦችን ሁሉ የሚቈጣጠር ሕግ አወጣች፤ በሥራ ላይ ያሉትም እየዞሩ ተመረመሩ።

ሙልሆላንድ በሆሊውድ ኮረብታ ላይ የሠራው ሌላ ተመሳሳይ ግድብ ነበረ፤ በስሙ ይጠራል። ከሥሩ ያሉት ነዋሪዎች እንቅልፍ አጡ። ከዚያም በኋላ ውሃው ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ በ1930ዎቹም በግድቡ ፊት ላይ ብዙ ዐፈር ተከምሮ ዛፍ ተተከለበት። ግማሹ ለጥንካሬ፥ ግማሹ ከሥር ያለው ሰው ያን ግንብ እንዳያይ ይመስለናል። ዛሬ በዚያ ሐይቅ ዙሪያ የሎስ አንጀለስ ሰው ጧት ጧት ይሮጣል፤ ነገር ግን በአጥር በስተ ውጭ ነው፤ መዋኘት የለም።

ይኸው ከተማ ሁለት ሌሎች ምሳሌዎችን ይሰጠናል። በባልድዊን ሂልስ የሚባል ኮረብታ ላይ ከ1947 እስከ 1951 የተሠራ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ነበር። ከሥሩ የመሬት ስንጥቅ ያልፋል፤ በአጠገቡም ነዳጅ ዘይት ስለሚወጣ መሬቱ ይሰምጥ ነበር። ዲሴምበር 14 ቀን 1963 ከቀትር በፊት ጠባቂው በማስወገጃው ቱቦ በኩል ያልተለመደ የውሃ ድምፅ ሰማ። ያን ጊዜ «እናያለን» አልተባለም፤ ውሃውን ማስለቀቅ ተጀመረ፥ ፖሊስ በየቤቱ እየዞረ ሰውን አስወጣ። ከአራት ሰዓት ያህል በኋላ ግድግዳው ተበጥሶ ውሃው መንደሩን ጠረገው። የተበላሸው ቤት 277 ነው፤ የሞቱት ግን 5 ናቸው። በ1928 ከ400 በላይ፥ በ1963 አምስት። ባልድዊን ሂልስ በውሃ ብዛት ከሴንት ፍራንሲስ እጅግ ማነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ሕዝብ እጅግ ይበዛ ነበር። ልዩነቱን ያመጡት እነዚያ አራት ሰዓቶች ናቸው። ማጠራቀሚያው ዳግመኛ ውሃ አልገባበትም፤ ዛሬ ሣር የበቀለበት የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ሁለተኛው በቫን ኖርማን ስም የተሠየመው የዐፈር ግድብ ነው፤ ያው በ1928 ከሙልሆላንድ ጋር ሄዶ ፍሳሹን ያየው ቫን ኖርማን ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1971 የሳን ፈርናንዶ መንቀጥቀጥ ሲመታው፥ በውሃው በኩል ያለው የግድቡ ፊት ረግረግ ሆኖ ወደ ሐይቁ ተንሸራተተ። በውሃውና በመንደሩ መካከል የቀረው ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ የተሰነጣጠቀ ዐፈር ብቻ ነበር። 80 ሺህ ያህል ሰው ውሃው እስኪወርድ ድረስ ለአራት ቀን ቤቱን ለቆ ወጣ። የረጠበና በቅጡ ያልተጠቀጠቀ አሸዋማ ዐፈር ሲንቀጠቀጥ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፤ ይህን ዓለም አጥብቆ የተማረው በዚያች ጧት ነው ማለት ይቻላል። በቦታው የተተካው የሎስ አንጀለስ ግድብ በ1994 የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ጥቂት ስንጥቅ ብቻ አግኝቶት ቆመ። ይህን ሐይቅ አንባቢ በሌላ ነገር ሳያውቀው አይቀርም፤ በ2015 ውሃው ፀሐይ እንዳያገኘው ብለው 96 ሚሊዮን ጥቁር የፕላስቲክ ኳሶች ያፈሰሱበት እሱ ነው።

አሁን ወደ መዝናናቱ እንመለስ። የመጠጥ ውሃ በተጠራቀመበት ሐይቅ ዳር መዝናናት ነውር አይደለም፤ በየአገሩ የሚደረግ ነው። በማሳቹሴትስ ቦስተንን የሚያጠጣው ኳቢን በተወሰነለት ስፍራ በጀልባ ዓሣ ይጠመድበታል፤ መዋኘት ግን ክልክል ነው። አንዳንድ ሰው ይህን የጠባቂዎች ክፋት አድርጎ ያየዋል። ምክንያቱ የሰው ገላ ነው። አንድ ዋናተኛ ሳያውቀው ከሰውነቱ ጋር ይዞት የሚገባው ረቂቅ ተሐዋሲ በክሎሪን የማይሞት ሊሆን ይችላል። በ1993 በሚልዋኪ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተሐዋሲ በማጣሪያው በኩል አልፎ ወደ ቧንቧ ገብቶ 400 ሺህ ያህል ሰው በተቅማጥ ታመመ። ያንን ያመጡት ዋናተኞች ናቸው አንልም፤ ውሃውም የመጣው ከሚሺጋን ሐይቅ ነው። የምንለው፥ ማጣሪያ የመጨረሻው በር እንጂ ብቸኛው በር መሆን የለበትም ነው።

በኛ በኩል ደግሞ ዋናው ጭንቀት ከዋናተኛ ይልቅ ዐፈር ነው። የለገዳዲ ውሃ ከአካባቢው እርሻ በዝናም የታጠበ እጅግ ረቂቅ የሸክላ ዐፈር ይይዛል፤ እንዲሁ ቢተዉት በቀላሉ አይጠልም። ስለዚህ ዐፈሩን የሚያረጋ ጨው እየጨመሩ ያጠሉታል፤ ይህም ገንዘብ ይፈጃል። የማይጠራው ዐፈር ደግሞ ከታች እየተኛ የውሃውን ቦታ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ በታች ያለው አባ ሳሙኤል፥ ለኤሌክትሪክ የተሠራው፥ በደለልና በእምቦጭ ተይዞ ብዙ ዓመት ያለ ሥራ መቆየቱን የምናውቅ እናውቃለን። በሐይቁ ዙሪያ ያለውን ሣር ያለ ልክ ማስጋጥ፥ ዳሩን በመኪና እየነዱ ማረስ፥ ልብስ ማጠብ፥ ጠርሙስና ፌስታል ጥሎ መሄድ፥ እነዚህ ሁሉ ተመልሰው በብርጭቆ ይመጡብናል።

ለነፍስም የሚያሰጋ ነገር አለ። የግድብ ሐይቅ እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ ዳሩ ቀስ እያለ አይጠልቅም። ውሃው በበጋ ሲወርድ የሚታየው ጭቃ ከላይ ደርቆ ከሥሩ ግን ይውጣል። በደጋ ላይ እንደ ገፈርሳ ያለው ውሃ ቀን ፀሐይ ቢያሞቀው እንኳ ከሥሩ ይበርዳል፤ በብርድ የተያዘ ጡንቻ ደግሞ ዋና ያውቃል አያውቅም አይልም። ውሃ በሚሳብበት ማማና በማፍሰሻው አጠገብ ከላይ ጸጥ ያለ የሚመስለው ውሃ ከሥር ይስባል። ስለዚህ በግድብ ዳር የሚያስደስተውን ነገር ዐይን ያድርገው። በገፈርሳ ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ይታያል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ ወፍ ነው። እሱን ለማየት ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ እኛ ዝይውን በድንጋይ ስናባርር መገኘታችን ደስ አይልም።

ስለ መንቀጥቀጡ የጀመርነውን እንጨርስ። አገራችን በስምጥ ሸለቆ ላይ ስላለች መንቀጥቀጥ እንግዳዋ አይደለም። በ1961 በሰሜን ሸዋና በወሎ አዋሳኝ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶአል፤ በ2025 የተሰማውም በብርታቱ ጊዜ ወደ 6 ማግኒቱድ ደርሶአል። መንቀጥቀጥ መጣ ማለት ግድብ ወደቀ ማለት አይደለም፤ በደንብ የተጠቀጠቀ የዐፈር ግድብም ሆነ በጥሩ ዐለት ላይ የቆመ ኮንክሪት ብዙ ይችላል። መሐንዲሶች አንድን ግድብ «ከፍተኛ አደጋ ያለበት» ብለው ሲመድቡም ደካማ ነው ማለታቸው አይደለም፤ ቢወድቅ ከሥሩ ብዙ ሰው አለ ማለታቸው ነው። በዚህ ስሌት ደግሞ ግንቡ አንዲት ስንጥቅ ሳያገኘው ምድቡ ሊለወጥ ይችላል። ግድቦቻችን ሲሠሩ በሥራቸው ሜዳና እርሻ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ራሱ ወደ እነሱ ሄዶአል።

እንግዲህ ተማሪ እንደ መሆናችን መጠየቅ ያለብን፥ በሎስ አንጀለስ የሞት ዋጋ የተከፈለበት ጥያቄ ነው። ከግድቡ ሥር የሚወጣውን ውሃ በየዕለቱ የሚለካው ማን ነው? መዝገቡንስ ከርሱ ሌላ የሚያየው ዐይን ማን ነው? ሌሊት የደፈረሰ ውሃ ያየ ጠባቂ በስንት ደቂቃ ውስጥ ለማን ይደውላል፥ ያ ሰውስ ሌላ ሳያስፈቅድ ውሃ የማስለቀቅ ሥልጣን አለው? ውሃው ቢመጣ የት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎአል ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በቦታው ነው። ስለዚህ የኢንጂኔሪንግና የጂኦሎጂ ተማሪዎች በሥርዓት ፈቃድ ጠይቀው ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ለገዳዲና ወደ ገፈርሳ እንዲወጡ፥ ያዩትንም በዚህ መጽሔት እንዲጽፉ አሳብ አቅርበናል። መሄድ የሚወድ ሁሉ ስሙን በተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ ዝይውን ብቻ ለማየት የሚመጣም አይከለከልም።